«ከሠርጉ በፊት 14 ኪሎ መቀነስ አለብኝ»

ጥያቄ፦ የ48 ዓመት ሴት ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቴ 78 ኪሎ ነው። እስከ አርባ ዓመቴ ድረስ ከ64 ኪሎ አልፌ አላውቅም። የምበላው ያው የድሮውን ነው፤ ሰውነቴ ግን የሌላ ሰው ሆኖብኛል፤ በተለይ ቦርጬ። የእኅቴ ልጅ ከሁለት ወር በኋላ ታገባለች። ለዚያ ቀን የገዛሁት ቀሚስ ዚፑ ከግማሽ አያልፍም። እራት መብላት ትቻለሁ። በኢንተርኔት ያዘዝሁት የማቅጠኛ ዱቄትም አለ፤ እስካሁን ልቤን ከማስመታት በቀር ያመጣው ለውጥ የለም። ማታ ሁሉም ሲተኛ ኩሽና ገብቼ፣ መብራት ሳላበራ ቆሜ የምበላበት ጊዜ አለ። ባለቤቴ በቀደም እንግዶች ፊት «እኔ ያገባሁት አንዲት ሴት ነበር፤ አሁን ሁለት ሆናለች» ብሎ አሳቃቸው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከሁሉ የባሰብኝ የ15 ዓመቷ ልጄ ነገር ነው። መስታወት ፊት ቆማ ሆዷን እየቆነጠጠች «እኔም እንደ አንቺ ልሆን ነው?» አለችኝ። በሁለት ወር 14 ኪሎ የምቀንስበትን መንገድ ይንገሩኝ። ካልሆነ ሠርጉ ላይ ባልገኝ ይሻለኛል።

ከፎቶ የምሸሸው

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሁሉ በፊት ያንን ዱቄት ዛሬውኑ ያቁሙ። ልብዎ እንዲሁ በከንቱ አይመታም። «ከዕፅዋት የተቀመመ» ተብለው በሚሸጡ የማቅጠኛ ዱቄቶች፣ ሻዮችና እንክብሎች ውስጥ ማሸጊያው ላይ ስሙ ያልተጻፈ መድኃኒት በላቦራቶሪ ምርመራ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ከእነዚህ አንዱ ሲቡትራሚን ነው። ይህ በሐኪም ትእዛዝ ይሸጥ የነበረ የማቅጠኛ መድኃኒት ሲሆን፣ የልብ ችግር ባለባቸው ሰዎች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን እንደሚያበዛ ስለታወቀ እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፓም በአሜሪካም ከገበያ ወጥቷል። ከፋርማሲ መደርደሪያ የተነሣው መድኃኒት ግን ስሙን ቀይሮ በኢንተርኔት በኩል ይመለሳል። ዱቄቱን ካቆሙ በኋላም የልብ ምትዎ ካልረጋ፣ ደረትዎን ካመመዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ራስዎን ካዞረዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ማሸጊያውን አይጣሉት፤ ይዘውት ይሂዱ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። በሁለት ወር 14 ኪሎ የሚያስቀንስ መንገድ አልነግርዎትም። መንገዱ ጠፍቶ አይደለም፤ ራሱን ያስራበ ሰው ክብደት ይቀንሳል። ነገር ግን ሚዛኑ ስንት ኪሎ እንደወጣ እንጂ ምን እንደወጣ አይናገርም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው አብዛኛው ውኃ ነው። ከዚያ ስብ ይወጣል፤ ከስቡ ጋር ደግሞ ጡንቻ። በእርስዎ ዕድሜ አጥንትም የሚሳሳበት ጊዜ ስለሆነ፣ በረሃብ የመጣ ቅጥነት አጥንትንም ይጎዳል። ክብደቱ ተመልሶ ሲመጣ ስቡ በራሱ ይመጣል፤ ጡንቻው ግን ካልሠሩለት አይመለስም። ስለዚህ ከሠርጉ ዓመት በኋላ ያው 78 ኪሎ ላይ ሆነው፣ ደረጃ ሲወጡ ከዛሬው ይልቅ የሚደክሙ ሴት ሊሆኑ ይችላሉ። ለአንድ ቀን ፎቶ ይህ በጣም ውድ ክፍያ ነው።

መብራት ሳያበሩ ቆመው ስለሚበሉት የጻፉትን ሳነብ አንድ የቆየ ጥናት ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ አንሴል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል አስርቧቸው ነበር። ምግብ ፈጽሞ አልከለከላቸውም፤ ከሚያስፈልጋቸው ግማሽ ያህሉን ብቻ ሰጣቸው። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። የሚገርመው ግን ጠባያቸው ላይ የታየው ለውጥ ነው። ከምግብ በቀር የሚያስቡት ነገር ጠፋ። አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ይሰበስቡ ጀመር፤ ሳህን ይልሱ ነበር፤ በትንሹም በትልቁም ይቆጡ ነበር። ምግቡ ሲለቀቅላቸው ደግሞ ብዙዎቹ እስኪታመሙ ቢበሉም የጠገቡ አልመሰላቸውም። እነዚህ ሰዎች ከመራባቸው በፊት ሆዳሞች አልነበሩም። በአካልም በአእምሮም ጤነኛ መሆናቸው ተመርምሮ የተመረጡ ነበሩ። እርስዎን በሌሊት ኩሽና የሚወስድዎትም ያልበሉት እራት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የሕክምና ትእዛዜ ይህ ነው፦ ዛሬ ማታ እራት ይብሉ፤ መብራት በርቶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ከቤተሰብዎ ጋር።

«የምበላው ያው የድሮውን ነው» ብለዋል። አምንዎታለሁ። ታዲያ ሰውነትዎ ለምን ከዳዎት? ብዙ ሰው «አርባ ሲያልፍ ሰውነት ማቃጠል ያቆማል» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2021 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት ግን ይህን አላገኘም። ከስምንት ቀን ሕፃን እስከ 95 ዓመት ሽማግሌ ድረስ፣ ከ29 አገሮች የተውጣጡ ከ6,400 በላይ ሰዎች ተለክተው ነበር። የሰውነታቸው መጠንና ሥሪት ታስቦ ሲነጻጸር፣ ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይል ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም፤ ማሽቆልቆል የሚጀምረው ከ60 ገደማ በኋላ ነው።

የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ካልሠሩበት በቀር ጡንቻ ከ30 ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል፤ የቀነሰ ጡንቻ ደግሞ የሚያቃጥለው ያነሰ ነው። በቀን ውስጥ የምንቀመጥበት ሰዓት ሳናውቀው ይጨምራል። በዚህ ላይ እርስዎ 48 ዓመትዎ ነው። ሴቶች በአማካይ የሚያርጡት 51 ዓመት ገደማ ሲሆን ለውጡ የሚጀምረው ግን ከዚያ ብዙ ዓመታት ቀድሞ ነው። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን እየቀነሰ ሲሄድ፣ ቀድሞ ዳሌና ጭን ላይ ይቀመጥ የነበረው ስብ አሁን ሆድ ላይ መከማቸት ይጀምራል። ለዚህ ነው ክብደታቸው ጭራሽ ሳይጨምር «ወገቤ ጠፋ» የሚሉ ሴቶች ያሉት። ሌሊት በላብ የሚነቁ ከሆነ ደግሞ እንቅልፍ ማጣቱ ራሱ በማግሥቱ ረሃብን ያበዛል።

ሂሳቡንም እንሥራው። ከ64 ወደ 78 ኪሎ የመጡት በስምንት ዓመት ነው። በወር ሲካፈል 150 ግራም እንኳ አይሞላም። ይህን ያህሉን ማንም በዓይኑ አያየውም፤ እርስዎም ያላዩት ስለተዘናጉ አይደለም። በስምንት ዓመት የገባውን በስምንት ሳምንት ላስወጣ ማለትዎ ነው እንግዲህ ትክክል ያልሆነው።

ሁለት ጥያቄ በአንድ ፖስታ አሽገው ልከውልኛል፤ አንዱ የጤና ነው፣ ሌላው የመታየት። መልሳቸው አንድ ስላልሆነ ለየብቻ ላያቸው። የጤናውን ላስቀድም፤ ልደልልዎትም አልፈልግም።

በቁመትና በክብደት የሚሠራው ቢ.ኤም.አይ. የተባለው መለኪያ ሲሰላ የእርስዎ 29.7 ይሆናል። ከ25 በላይ «ከመጠን ያለፈ ክብደት»፣ ከ30 በላይ «ከፍተኛ ውፍረት» ይባላል፤ እርስዎ ደፉ ላይ ነዎት። ይሁንና ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ማወቅ ደግ ነው። ቀመሩን እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ያወጣው አዶልፍ ኬትሌ የተባለ የቤልጅግ የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሊቅ ነው። ሐኪም አልነበረም፤ የፈለገውም «አማካይ ሰው» ምን እንደሚመስል ማወቅ ነበር። ዛሬ የምንጠራበትን ስም ያወጣለት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 ያው አንሴል ኪስ ነው፤ ያን ጊዜ የተጠቀመበት መረጃ የወንዶች ብቻ ነበር። ቁጥሩ ለብዙ ሕዝብ ጥናት ይጠቅማል። ስለ አንዲት የ48 ዓመት ሴት ግን ስቡ የት እንዳለ፣ ጡንቻዋ ምን ያህል እንደሆነ አይናገርም።

ለእርስዎ የልብስ ሰፊ ሜትር ከሚዛን ይበልጥ ይነግርዎታል። ልብስዎን ገልጠው፣ በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንትዎ ጫፍ መካከል፣ ሆድዎን ሳይስቡ፣ ትንፋሽዎን አውጥተው ይለኩ። ወገብ ከቁመት ግማሽ ቢያንስ ይመረጣል፤ ለእርስዎ ይህ 81 ሴንቲ ሜትር ነው። በሴት 88 ሲያልፍ የስኳርና የልብ ሕመም ሥጋት በግልጽ ይጨምራል፤ ምክንያቱም በአንጀትና በጉበት ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ከቆዳ ሥር ካለው የባሰ ተንኮለኛ ነው።

ከዚያ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ «አቅጥኑኝ» ለማለት ሳይሆን ለመመርመር። የደም ግፊትዎን፣ በባዶ ሆድ የደም ስኳርዎን፣ ኮሌስትሮልዎን ያስለኩ። ግፊቱ ደጋግሞ 140 በ90 ከሆነ፣ ስኳሩ 126 ከደረሰ ሕክምና ይጠይቃል። ከ100 እስከ 125 ያለው ስኳር ደግሞ ገና በጊዜ የመጣ ማስጠንቀቂያ ነው። የታይሮይድ ዕጢ ምርመራም ይጠይቁ። የሚወስዱት መድኃኒት ካለም ስሙን ይንገሩ፤ አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶች፣ ስቴሮይድና ኢንሱሊን ክብደት ይጨምራሉ። ክብደት የሚቀንሱ በሐኪም የሚታዘዙ መድኃኒቶች እንዳሉ ሰምተው ይሆናል፤ ሴማግሉታይድ የሚባለው አንዱ ነው። የሚሠራ መድኃኒት ነው፤ ግን የሚታዘዘው ቢ.ኤም.አይ. 30 ሲደርስ፣ ወይም ከ27 በላይ ሆኖ የግፊት ወይም የስኳር ዓይነት ችግር ሲኖር ነው። ሲያቆሙት ክብደቱ በአብዛኛው ይመለሳል። ሐኪምዎን ይጠይቁ እንጂ ዱቄቱን ያመጣልዎትን ሻጭ አይጠይቁ።

አሁን የምነግርዎትን ቁጥር እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ውጤቱ የታተመ ጥናት አለ። የተሳተፉት ከ3,000 በላይ ሲሆኑ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 51፣ የደም ስኳራቸው ከፍ ያለ ግን ገና የስኳር ሕመምተኛ ያልሆኑ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ቡድን የታዘዘው ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ብቻ ነበር። በዚህ ቡድን የስኳር ሕመም የመያዝ ዕድል በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት ከወሰዱት ሰዎች የተሻለ ውጤት ነው። ለእርስዎ 7 በመቶ ማለት አምስት ኪሎ ተኩል ያህል ነው። በስድስት ወር ይደርሱበታል።

አምስት ኪሎ ተኩል ቀንሰው 72 ኪሎ ተኩል ሲሆኑ ሰንጠረዡ አሁንም «ከመጠን ያለፈ» ይልዎታል። ያ ቀሚስም ምናልባት አይዘጋም። ባለቤትዎም ለውጡን ላያዩት ይችላሉ። ደምዎና ልብዎ ግን ያውቁታል። ጤናዎና መስታወትዎ አንድ መዝገብ አይጽፉም፤ እስካሁን ሲያስጨንቅዎት የኖረው የመስታወቱን መዝገብ ብቻ ማንበብዎ ነው።

ምን ይሥሩ? ቅጥነትን ትተው ጉልበትን ይፈልጉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እየሄዱ መነጋገር የሚችሉበት፣ መዝፈን ግን የማይችሉበት ፍጥነት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ንባቡን ያቆማል። ቀጥሎ የተጻፈው ግን ለእርስዎ ዕድሜ የበለጠ ይጠቅማል፦ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ።

ከወንበር ይጀምሩ። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው፣ ምንም ሳይደገፉ ይነሡ፤ ቀስ ብለው ይቀመጡ፤ ይድገሙት። ሲቀመጡ ወንበሩ ላይ ዱብ አይበሉ፤ የሚያጠነክረው አንዱ ነገር እርሱ ቀስ ብሎ መውረዱ ነው። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ ሲያደርጉት የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስቱ ሊከብዱዎት ይገባል። ካልከበዱዎት ሁለት ሊትር ውኃ የያዘ ጠርሙስ አቅፈው ይነሡ። ግድግዳ ተደግፈው በክንድ መግፋት፣ በሁለት እጅ ከባድ ቦርሳ ይዞ ክፍሉን መዞር፣ በእግር ጣት ጫፍ ቆሞ መውረድ ይጨምሩበት። ጂም አያስፈልግዎትም፤ ከወደዱት ግን የወጣቶች ቤት ነው ብለው አይፍሩት። ጉልበትዎን የሚያምዎት ከሆነ ወንበሩ ላይ ትራስ ያድርጉ፤ ከፍ ካለ መቀመጫ መነሣት ይቀልላል።

«በ48 ዓመቴ?» እንዳይሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ አንድ ጥናት በእንክብካቤ ቤት የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 90 ዓመት ገደማ የሆኑ አሥር አረጋውያን ለስምንት ሳምንት ክብደት በእግራቸው እንዲያነሱ ተደረገ። ሥልጠናውን የጨረሱት ሰዎች የእግር ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ፤ ሁለቱ ምርኩዛቸውን ጣሉ። እርስዎም እስከ ሠርጉ ያለዎት ስምንት ሳምንት ነው።

ሆድን ብቻ ለይቶ የሚያቀልጥ እንቅስቃሴ ግን የለም። ወገብ ላይ የሚጠመጠመው የማላቢያ ቀበቶም የሚያወጣው ላብ ነው፤ ውኃ ሲጠጡ ይመለሳል።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም፤ እስካሁን የሰሙት ከበቂ በላይ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ይብሉ። የሳህንዎ ግማሽ አትክልት፣ ሩቡ ፕሮቲን ይሁን፤ ፕሮቲኑ ጡንቻውን ለመጠበቅም ለመጥገብም ይረዳዎታል። ስኳር ያለበትን መጠጥና አልኮልን ይቀንሱ፤ ፈሳሽ ሆኖ የገባ ካሎሪ ረሃብን ብዙም አያስታግስም። ሚዛን ላይ በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ አይውጡ። ሌሊት በድብቅ መብላቱ እራት እየበሉም ካልተወዎት፣ ራስዎን ማቆም እንደማይችሉ ሆኖ ከተሰማዎት ግን ይህ የሚታከም ሕመም ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገሩት። ሐኪም ዘንድ የማያሳፍር ነገር ነው።

አሁን ወደ መታየቱ። ያንን ቀሚስ ይመልሱት፤ የማይመልሱት ከሆነ ለሌላ ሰው ይስጡት። ለቅጣት ቁም ሣጥን ውስጥ የሚሰቀል ልብስ አልወድም፤ ጠዋት ጠዋት ሰውን መሳደብ ነው ሥራው። ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በፊት ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደው በዚያን ቀን ባለዎት ወገብ ይለኩ፤ ተቀምጠውም እጅዎን አንሥተውም የሚመች፣ ቀለሙን የሚወዱት ልብስ ይሰፋልዎት። ሠርጉ ላይ መገኘትዎ ላይ ድርድር የለም። የእኅትዎ ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላ አልበሙን ስትገልጥ የምትፈልገው አክስቷን ነው። ስንት ኪሎ እንደነበሩ ለመገመት አይደለም።

ልጅዎ ጥያቄ ጠይቃዎታለች፤ ምን እንደመለሱላት ግን አልጻፉልኝም። ዝም ብለው ከሆነ ጊዜው አላለፈም። «ሰውነት በ15 ዓመትም በ48 ዓመትም ይለወጣል። ስለ ራሴ ሰውነት ክፉ ስናገር ሰምተሽ አድገሻል፤ ከእንግዲህ አትሰሚም» ይበሏት። ቃሉን መጠበቅ ከባድ ነው፤ መስታወት ፊት ሲደርሱ ምላስዎን መያዝ አለብዎት። በዚህ ዕድሜ ዳሌዋና ጭኗ መሙላቱ የእድገት ሥርዓት ነው፤ የአመጋገብ ገደብ አይጣሉባት፤ ሰውነቷንም ለማመስገን ብለው እንኳ አይመዝኑት። እራት አብረዋት ሲበሉ የምታየው ከሚነግሯት ይበልጣል። ምግብ መዝለል፣ በልታ ወዲያው መታጠቢያ ቤት መግባት፣ የወር አበባ መቅረት ወይም ፈጣን መክሳት ካዩ ግን «ያልፍላታል» ብለው አይጠብቁ፤ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት።

ስለ ባለቤትዎ የጻፉት ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «እኔም አብሬ ሳቅሁ» የሚለውን ግን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ለብቻችሁ ስትሆኑ፣ ሳይቆጡ፣ «በእንግዶች ፊት ስለ ሰውነቴ የቀለድከው ቀልድ አሳፍሮኛል፤ ልጃችንም ትሰማለች፤ እንዳይደገም እፈልጋለሁ» ይበሉ። ምክንያት አይደርድሩ፣ «እውነት ነው ወፍሬያለሁ ግን» ብለው አይጀምሩ። «ቀልዴን እኮ ነው» ማለታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ያንኑ የልብስ ሰፊ ሜትር ያምጡና የእርሳቸውንም ወገብ ይለኩላቸው። በወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር በላይ ሥጋት ይጀምራል፤ ከ102 ካለፈ ደግሞ ለሐኪሙ ቀጠሮ የሚያስይዙት ለሁለት ሰው ነው።